ኤሚል ቤርታን ወርቁን የት አደረሰችው?

ሰላም ወገኖች። የፈረንሳይዋን ቀላል ክሩዘር (ፈጣን የጦር መርከብ) ኤሚል ቤርታን በካርቶን እየሠራሁ ነው፤ ሦስተኛውን የመድፍ ማማ ሳጣብቅ ጣቴም አብሮ ተጣበቀ! ወርቅ ጭና ነበር የሚባለው እውነት ነው?

— እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 1940 ከፈረንሳይ ወደብ ብሬስት ከ200 ቶን በላይ የፈረንሳይ ባንክ ወርቅ ጭና ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ደረሰች። ፈረንሳይ ለጀርመን እጅ ስትሰጥ ግን ሳታራግፍ በካሪቢያን ወዳለችው የፈረንሳይ ደሴት ማርቲኒክ ዞረች። ወርቁ እዚያ ፎርት ዴሴ ምሽግ ገባ።

— እንግሊዞቹስ ዝም አሏት?

— እንዳትሄድ ፈልገው ነበር፣ አመለጠቻቸው። በሙከራ ጊዜ ከ39 ኖት በላይ (በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሮጠች ናት፤ ማን ይደርስባታል! በ1943 ከአጋሮቹ (ከእነ እንግሊዝና አሜሪካ) ጋር ተሰልፋ ፊላደልፊያ ታደሰች፣ ኦገስት 1944 ደቡብ ፈረንሳይ ሲወረር ተኩሳለች። በ1959 ለብረቷ ተሰባበረች።

— አመሰግናለሁ ጋሼ። እንግዲህ ከክብሪት ሳጥን ወርቅ ልሠራላት ነው።