ሁለት ኦፕን ኤስኤስኤል፣ አንድ የሰርተፍኬት ፎልደር፦ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ሁለት ቀን ሙሉ ስታገል ቆይቼ መላው ስለጠፋኝ ነው የምጽፈው።

አንድ ሰርቨር ላይ ሁለት ፕሮግራሞች አሉኝ። አንዱ የሚሠራው በኦፕን ኤስኤስኤል (ግንኙነትን የሚያመሰጥር የሶፍትዌር ላይብረሪ) ስሪት 0.9.8 ነው፣ ሌላው በ1.1.1። ሁለቱም የሚገናኙትን ወገን ማንነት ለማረጋገጥ የሚያምኗቸውን ሰርተፍኬቶች የሚያነቡት ከአንድ ፎልደር ነው። አዲሱ ያለ ችግር ይገናኛል። አሮጌው ግን ስህተት 20 ይላል፤ የሰርተፍኬቱን ሰጪ አላገኘሁም ማለቱ ነው። ፋይሉ እኮ እዚያው ነው!

ምክንያቱን ደርሼበታለሁ። ሰርተፍኬቱ የሚፈለገው ከባለቤቱ ስም በሚሰላ ባለ 8 ሆሄ ሃሽ (አጭር መለያ) በተሰየመ ፋይል ነው፣ መጨረሻው ላይ ነጥብ ዜሮ ተጨምሮበት። ከ1.0.0 በፊት ሃሹ ኤምዲ5 በሚባል የስሌት ዘዴ ነበር የሚሰላው። ከዚያ ወዲህ ሻ1 በሚባል ሌላ ዘዴ ሆነ፤ የስሙ አጻጻፍም አስቀድሞ ወጥ ይደረጋል። ስለዚህ ለአንዱ ሰርተፍኬት ሁለቱ የተለያየ ስም ይፈልጋሉ።

የአሮጌውን ሃሽ አውጥቼ በዚያ ስም ወደ ፋይሉ የሚያመለክት ሊንክ በእጄ ሠራሁለት። ወዲያው ተገናኘ፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ ግን የአዲሱ ስሪት ሪሃሽ (የፎልደሩን ሊንኮች እንደገና የሚሠራው) ትእዛዝ ሲሮጥ የኔን ሊንክ ጠራርጎ የራሱን ብቻ ተካ።

አሮጌውን ፕሮግራም ማሻሻል አልችልም፤ ሶርስ ኮዱ የለኝም። ሪሃሽ ሁለቱንም ዓይነት ሊንክ የሚሠራበት ኮምፓት የሚባል አማራጭ እንዳለው አይቻለሁ። ሥራ ላይ ባለ ሰርቨር የሞከረው አለ? ወይስ ለየራሳቸው ፎልደር ብለይላቸው ይሻላል? የተሻሩ ሰርተፍኬቶች ዝርዝርም እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። የእሱስ ሊንክ በሁለቱም ዓይነት ይሠራል? በጣም ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው።