አስቸኳይ፦ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ስንደውል 32 ሰከንድ ላይ ይቆረጣል

ጠያቂ፦ እባካችሁ ድረሱልን፣ ደንበኞች እየጮኹ ነው። ዋናው አስቴሪስክ (ጥሪ የሚያገናኘው የስልክ ሰርቨር ፕሮግራም) ደብረ ብርሃን ነው። ዛሬ ሸዋ ሮቢት ቅርንጫፍ ሁለተኛ ሰርቨር ተከልን፤ የድምፅ መልእክቱም «ለሽያጭ 1ን ይጫኑ» የሚለውም እዚያው እንዲሠራ። ከኛ ሲደወል እንሰማቸዋለን፣ እነሱ አይሰሙንም፣ ልክ 32 ሰከንድ ላይ ይቆረጣል። እነሱ ሲደውሉ አይቆረጥም፣ ድምፁ ግን ያው ነው።

ባለገመዱ፦ ራውተሩ ላይ ሲፕ ኤ.ኤል.ጂን (ራውተሩ በጥሪ መልእክቶች ውስጥ ያለውን አድራሻ የሚቀይርበትን ቅንብር) አጥፉ።

ጣርማበር፦ 32 ሰከንድ? በኛ አገር ሰላምታ እንኳ አያልቅም! አይዟችሁ።

ቆላ፦ ሁለተኛ ሰርቨር ምን ያደርጋል? ስልኮቹን በሙሉ ደብረ ብርሃን አስመዝግቡና ተገላገሉ።

ጠያቂ፦ መስመር በጠፋ ቁጥር ቅርንጫፉ እርስ በርሱም መደዋወል ያቅተዋል እኮ። ኤ.ኤል.ጂው ጠፍቷል፣ ለውጥ የለም።

ቁንዲ፦ የመስመሩን አቅም አስቀድማችሁ አስሉ። ድምፁን ለመላክ ከሚያዘጋጁት ስልቶች ጂ 711 ለአንድ ጥሪ በየአቅጣጫው ወደ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ይወስዳል፣ ድምፁን የሚጨምቀው ጂ 729 ወደ 31። ጂ 729 ከመረጣችሁ ዲ.ቲ.ኤም.ኤፉን (ቁልፍ ሲጫኑ የሚሰማውን ጢጥታ) አር.ኤፍ.ሲ 4733 (ከድምፁ ተለይቶ የሚላክበት ደንብ) አድርጉት። የቁልፉ ጢጥታ ከድምፁ ጋር ከተጨመቀ ይበላሻል፤ ደንበኛው 1ን ቢጫንም ሰርቨሩ አይለየውም።

ባለገመዱ፦ ኤ.ኤል.ጂ በሁለቱም ጫፍ ይጥፋ!

የመንዝ ልጅ፦ ሰርቨሮቹ የተገናኙት በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ የግል መስመር) ነው?

ጠያቂ፦ አዎ፣ ዋየርጋርድ በሚባለው። የውስጥ አድራሻዎቹ፦ ደብረ ብርሃን 10.10.1.0/24፣ ሸዋ ሮቢት 10.10.2.0/24።

የመንዝ ልጅ፦ እንግዲያው ኤ.ኤል.ጂን ተዉት፤ በቪፒኤን የተመሰጠረውን ራውተሩ አያየውም። ጥፋቱ ሸዋ ሮቢት ሰርቨር ላይ ነው። 10.10.1.0/24 በሎካል ኔት (በውስጥ አድራሻዎች ዝርዝር) ውስጥ ስላልገባ እናንተን የውጭ ሰው አድርጎ ይቆጥራችኋል፤ ስልኩ ሲነሳ በሚልከው 200 ኦኬ (ስልኩ ተነስቷል የሚል መልስ) ላይ የኢንተርኔት አድራሻውን ይጽፋል። የናንተ አክም (መልሱ ደርሶናል የሚለው ማረጋገጫ) ድምፅም ወደዚያ ሄዶ ይቀራል። አክ ያልደረሰው ሰርቨር 200 ኦኬን እየደጋገመ 32 ሰከንድ ይጠብቅና ይዘጋል። እነሱ ሲደውሉ አክ የሚልኩት ራሳቸው ስለሆኑ አይቆረጥም። ለማረጋገጥ አስቴሪስኩ ላይ «ፒጄሲፕ ሴት ሎገር ኦን» (የጥሪ መልእክቶቹን የሚያሳይ ትእዛዝ) ብላችሁ የ200 ኦኬውን ኮንታክት (መልስ የሚላክበት አድራሻ) መስመር እዩ። ከዚያ ትራንስፖርቱ (ሰርቨሩ የጥሪ መልእክት የሚልክና የሚቀበልበት ቅንብር) ላይ 10.10.1.0/24ን በሎካል ኔት ጨምሩ። ሪሎድ (ቅንብሩን ዳግም ማስነበብ) ብቻ ትራንስፖርትን አይነካውም፣ አስቴሪስኩ ሪስታርት ይደረግ።

ጠያቂ፦ ኮንታክቱ ላይ የኢንተርኔት አድራሻው ነው ያለው! የተያዙት ጥሪዎች እስኪያልቁ እየጠበቅኩ ነው፣ ሪስታርት አደርገዋለሁ።

ባለገመዱ፦ እህ፣ ሠራ?