ቦርቦን ውስኪዬ ላይ የሞራ ቅባት ተንሳፈፈብኝ፤ ለቅዳሜ ግብዣ ይደርሳል?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ጓደኞቼ ቤት ይመጣሉ። የስጋ ጣዕም ያለው ኦልድ ፋሽንድ (በውስኪ የሚሠራ ኮክቴል) ላቀርብላቸው ፈልጌ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በቤከን ስብ ነው፤ እንግዶቼ ግን አሳማ አይቀምሱም። ስለዚህ ብሪስኬት (የበሬ ደረት ስጋ) ጠብሼ የወጣውን ስብ 750 ሚሊ ሊትር ቦርቦን ላይ ጨመርኩ። ጠረጴዛ ላይ ለአራት ሰዓት ያህል አቆየሁት፣ ትንሽ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት፣ ከዚያ በሻይ ማጥለያ አጠለልኩት። አሁን ላዩ ላይ ስስ ቅባት ይንሳፈፋል፤ ሲጠጡት ከንፈር ላይ ይቀራል። የስጋው ጣዕም ደግሞ ከነጭራሹ የለም። ይስተካከላል ወይስ ልድፋው?

ባርማኑ፦ ኧረ እንዳትደፋው ወንድሜ! መጀመሪያ ስለ ጣዕሙ። የቤከን ስብ ለስላሳ ነው። የበሬ ሞራ ግን ጠንካራ ስለሆነ ቀዝቃዛ መጠጥ ሲነካ ወዲያው ይረጋል። አልኮል ጣዕሙን የሚስበው ስቡ ፈሳሽ ሆኖ አብሮት ሲቆይ ነው። ያንተ ስብ አራቱን ሰዓት ረግቶ ነው ያሳለፈው።

እንዲህ አድርግ። አዲስ ስብ፣ ወደ 45 ግራም፣ ከትሪው ላይ ውሰድ። ቡናማው ፍርፋሪ የነካው ስብ ይሻላል፤ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። መረቁ ግን አብሮ እንዳይገባ፤ መጠጡን ያደፈርሰዋል፣ ቶሎም ያበላሸዋል። አፉ ሰፊ የሆነ ጃር ውስጥ ከቦርቦኑ ጋር ጨምርና ጃሩን እጅ የሚያቃጥል ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀይረው። በየመሀሉ ወዝወዝ አድርገው። አደራ፣ ጃሩን ምድጃ ላይ እንዳትጥደው! የአልኮል ትነት እሳት ይይዛል። ውሃውን ለብቻው አሙቀህ፣ ምድጃውን አጥፍተህ ነው።

ቅባቱን በተመለከተ፣ ፍሪዘር ውስጥ ይደር። 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ የቤት ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አይሆንም፤ ስቡ ግን ላዩ ላይ እንደ ሰም ይደርቃል። ጠዋት ስቡን ብስተህ መጠጡን ገና በጣም ቀዝቃዛ እንደሆነ በቡና ፊልተር ወረቀት አጥልለው። ሙቀት ካገኘ ቅንጣቱ ይቀልጥና ወረቀቱን አልፎ ይሄዳል። የሻይ ማጥለያ ያንን ቅንጣት አይዝም። ቀስ እያለ ነው የሚንጠባጠበው፤ አትቸኩል፣ አትጭመቀው።

እቴቴ፦ ልጄ፣ የኛን ንጥር ቅቤ ለምን አትሞክርም? ሲነጠር አሬራውና አተላው ስለወጣለት መጠጡን አያደፈርስም። ኮረሪማና በሶብላ ያለው ለጋ ቅቤ ከቦርቦን ጋር በጣም ይስማማል። የበሰለ ቅቤ ግን አታድርግ፤ ሽታው ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ነጭ ሽንኩርት የበዛበትም አይሆንም። እርድ ካለበት ደግሞ ቀለሙን ለአልኮሉ ይለቃል፤ በቦርቦን ብዙም አይታወቅም፣ ቮድካ ላይ ግን ቢጫ ሆኖ ቁጭ ይላል። ከእንግዶችህ መሀል ፆመኛ ካለ፣ ወይም ወተት የማይስማማው ካለ፣ ከመቅዳትህ በፊት ንገራቸው። ብርጭቆውን አይቶ ቅቤ ገብቶበታል ብሎ የሚጠረጥር የለም።

ከአትላንታ፦ እኔ የምወደው ቋንጣ ቮድካ ላይ ነው። ለብለዲ ሜሪ (በቮድካና በቲማቲም ጭማቂ የሚሠራ ኮክቴል) የሚያክለው የለም። በደንብ የደረቀ ቋንጣ ቀዳድጄ ጠርሙሱ ውስጥ እከተዋለሁ፤ እስኪያልቅ እዚያው ይቆያል። ሲያዩትም ያምራል።

ባርማኑ፦ በሐሳቡ እስማማለሁ፣ እዚያው መተውን ግን አልደግፍም። ጠርሙሱ እየጎደለ ሲሄድ ስጋው ከመጠጡ በላይ ብቅ ይላል፤ እዚያ አልኮል አይጠብቀውም። በርበሬውም ብዙ ሲቆይ ይመራል። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ይበቃዋል። ከዚያ ስጋውን አውጥቶ በፊልተር ማጥለል ነው። በዘይት የታሸ ቋንጣ ከሆነ እንደ ሞራው ፍሪዘር ማሳደር ያስፈልጋል። ጥሬ ስጋ ግን በጭራሽ! ቮድካ ጥሬ ስጋን ያበስላል የሚሉ አሉ፤ አያበስልም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እቴቴ እርስዎም ተባረኩ። ግማሹን በሞራ እደግመዋለሁ፣ ግማሹን በቅቤ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል? ስኳሩስ?

ባርማኑ፦ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ጨርሰው። የቆየ ስብ ሽታ ካመጣ ያን ጊዜ ድፋው።

ስኳር አታድርግ፣ ሜፕል ሽሮፕ ተጠቀም። የቤከኑን ኦልድ ፋሽንድ ታዋቂ ያደረገው ዶን ሊ ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ በተከፈተው ፒዲቲ ባር። ቤከኑ ከቴነሲ የሚመጣ፣ በጭስ በደንብ የታጠነ ነበር፤ የሜፕሉ ጣፋጭነት ያንን ጭስ ይይዝለታል። ልኩ 60 ሚሊ ሊትር ቦርቦን፣ 7 ሚሊ ሊትር ያህል ሜፕል፣ ጠርሙሱን ሁለት ጊዜ ነቅነቅ ስታደርግ የሚወጣ አንጎስቱራ ቢተርስ (መራራ የቅመም ማጣፈጫ) ነው። በበረዶ አማስለው፣ ትልቅ በረዶ ባለበት ብርጭቆ ቅዳው፣ የብርቱካን ልጣጭ ላዩ ላይ ጨመቅ አድርግ። ለሞራው ይህ ልክ ይሠራል። ለቅቤው ግን ሜፕሉን ቀንሰህ ጀምር፤ ቅቤው መጠጡን ስለሚያለሰልሰው ጣፋጩ ቶሎ ይበዛበታል።

እቴቴ፦ ለቅቤው የብርቱካኑን ልጣጭ ተወውና አንድ ፍሬ ኮረሪማ ፈንክተህ ጣል አድርግበት።