ዲላ ያለው ቅርንጫፋችን ሀዋሳን አያይም፤ መስመሩ ግን «ይሠራል» ይሉኛል

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ጓዶች። ሀዋሳ ፒያሳ ያለ የብድርና ቁጠባ ተቋም ኔትወርክ እኔ ላይ ነው። ሻሸመኔና ዲላ ካሉት ቅርንጫፎች ጋር የምንገናኘው በመስመር አቅራቢው ኤምፒኤልኤስ ቪፒኤን (የየደንበኛውን ቅርንጫፎች በአቅራቢው ኔትወርክ ላይ ለብቻ የሚያገናኝ አገልግሎት) ነው። ሻሸመኔ ሰላም ነው። አዲሱ ዲላ ግን የአቅራቢውን ራውተር ፒንግ ሲያደርግ መልስ ያገኛል፣ ከዚያ ወዲያ ዝም። ስደውል «በእኛ በኩል አረንጓዴ ነው» ይላሉ። ሌላም የከነከነኝ ነገር አለ። ከታች ፎቅ ያለው መሥሪያ ቤት የእነሱው ደንበኛ ነው፤ እንደኛው 192.168.1.0 የሚለውን የውስጥ አድራሻ ይጠቀማል። እንዴት አይደባለቅም?

ኬብል ጎታች፦
ከሁለተኛው ልጀምር። በአቅራቢው የጠርዝ ራውተር (የደንበኛ መስመር በሚገባበት) ላይ ለየደንበኛው የራሱ የራውቲንግ ቴብል (የመንገዶች ዝርዝር) ይከፈታል፤ ቪአርኤፍ ይባላል። የእናንተ መስመር የገባበት ፖርት ከእናንተ ቪአርኤፍ ጋር ይታሰራል፣ የታችኞቹም ከራሳቸው ጋር። ራውቶቹ (ወደየአድራሻው የሚወስዱት መንገዶች) ራውተሮች መንገድ በሚነጋገሩበት ቢጂፒ ወደ ሌሎቹ ጠርዞች ሲላኩ ደግሞ ከእያንዳንዱ አድራሻ ፊት ራውት ዲስቲንጉሸር የሚባል 8 ባይት መለያ ይጨመራል። ስለዚህ ሁለቱ 192.168.1.0 ለቢጂፒ ሁለት የተለያዩ ራውቶች ናቸው።

አሁን ወደ ዲላ። የትኛው ራውት ወደ የትኛው ቪአርኤፍ ይግባ የሚለውን የሚወስነው ራውት ታርጌት፣ ማለትም ሲላክ (ኤክስፖርት) ራውቱ ላይ የሚለጠፍ፣ ሲቀበሉትም (ኢምፖርት) የሚታይ ምልክት ነው። ሀዋሳ ኤክስፖርት ያደረገውን ዲላ ኢምፖርት ካላደረገ፣ ሊንኩ አረንጓዴ ሆኖ ይውላል፣ ራውቱ ግን የለም። በተቃራኒውም ያው ነው፤ መልሱ መመለሻ ያጣል። እኔ ብሆን «መስመሩ ይሠራል ወይ?» ብዬ አልጠይቅም። «በዲላው ቪአርኤፍ ውስጥ የሀዋሳ ራውት አለ ወይ? አሳዩኝ» ነው የምለው።

የአዳማ ኖክ፦
የምን አረንጓዴ! ያ እኮ የሚያሳየው ፖርቱን ብቻ ነው። ለማንኛውም አንድ ነገር ልጨምር፦ መሐል ያሉት ራውተሮች የእናንተን አድራሻ ጭራሽ አያውቁም። ጠርዙ ፓኬቱ ላይ ከሚለጥፋቸው ሁለት ሌብሎች (መለያ ቁጥሮች) የላይኛውን አይተው ያሳልፋሉ። የታችኛው ሌብል የሚያገለግለው መጨረሻው ጠርዝ ላይ ነው፣ የየትኛው ቪአርኤፍ እንደሆነ ለመለየት። ደግሞ ቪፒኤን ስለተባለ የተመሰጠረ እንዳይመስልህ። መለያየት እንጂ ምስጠራ የለውም። የደንበኛ ሂሳብ የሚያልፍበት ከሆነ የሚመሰጥረውን አይፒሴክ ጨምርበት።

የታቦር ልጅ፦
ኬብል ጎታች፣ እጅህ ይባረክ! እንዳልከው ጠየቅኳቸው። ልጁ ትንሽ ዝም አለና «ኢምፖርቱ ላይ አንድ ቁጥር ተሳስቷል» አለኝ። አሁን ዲላ ገብቷል። አይፒሴኩን ራውተሮቻችን ይችሉታል፤ የሚቀረው አለቃዬን «ቪፒኤን አለን አይደል እንዴ?» ከሚለው ላይ ማውረድ ነው።