ርካሽ ጃምፕ ስታርተር መግዛት ያዋጣል?

ዓባይ ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለችኝ አሮጌ ቪትዝ ናት፤ አውቶማቲክ። ቤቴ ዓባይ ማዶ ነው፣ ሥራዬ ፔዳ። ድልድዩን መሻገር ብቻ ስለሆነ መንገዱ ሞተሩን በወጉ እንኳ አያሞቅም። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ አላነሳትም። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር "ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ" ብቻ። የኳድሮው (የዳሽቦርዱ) መብራት ይደበዝዝና ድርግም ይላል። የሰፈር ልጆች "እንግፋልሽ" እያሉ ይመጣሉ፤ አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም እያልኩ ማስረዳት ሰልችቶኛል።

አሁን ቴሌግራም ላይ አንድ ሻጭ ጃምፕ ስታርተር፣ ማለትም ባትሪ ሲደክም መኪና የሚያስነሳ ተንቀሳቃሽ ባትሪ ያስተዋውቃል። ብርቱካናማ ሣጥን ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። "2,000 አምፔር፣ 20,000 ሚሊ አምፔር-አወር፣ ዲዝልም ያስነሳል፣ ስልክም ቻርጅ ያደርጋል" ይላል። ዋጋው 4,500 ብር። ለአዲስ ባትሪ ከዚያ እጥፍ በላይ ጠይቀውኛል። የእህቴ ባል "መጫወቻ ነው፣ ተይው" ይላል። የሞከረው ሰው ካለ እስቲ እውነቱን ይንገረኝ። ይገዛል ወይስ ብሩን ጣና ላይ መበተን ነው?

ባለ ዶልፊኑ

እህቴ፣ ባትሪሽን ከሌላ መኪና ባትሪ ጋር የሚያገናኝ ኬብል ግዢ፤ ይበቃል። እኔ ዶልፊን ሚኒባስ ነው የምነዳው፤ ከወንበሬ ሥር ኬብል ጠፍቶ አያውቅም። ባሕር ዳር ውስጥ እጅሽን ብታወጪ የሚቆምልሽ ሹፌር አታጪም። ኬብል ቻርጅ አድርጉኝ አይልም። ብቻ ወፍራሙን ያዢ፤ ቀጭኑ ሲግል ሽፋኑ ይቀልጣል። ያ ሣጥን የኔን ዲዝል ካስነሳ ጢሜን እላጫለሁ።

ዓባይ ማዶ

ኬብልማ አለኝ ወንድሜ። ችግሩ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግቢያችን ውስጥ ሌላ መኪና የለም። በሩም ጠባብ ነው፤ የሚረዳኝ ሰው ቢገኝ እንኳ መኪናውን አስጠግቶ ኬብሉን ማድረስ አይችልም።

የቀበሌ 14 ኤሌክትሪሽያን

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው። እነዚህ ሣጥኖች ሲበላሹ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ሆዳቸውን አይቸዋለሁ። ላንቺ ዓይነት መኪና፣ ላንቺ ዓይነት ግቢ ይጠቅማል። ግን ብሩን ከማውጣትሽ በፊት ባትሪሽ ለምን እንደሚሞት እወቂ።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ፈልጊ፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። መኪናዋ አድራ፣ ጠዋት ሳትነሳ ባትሪው ላይ ይለካ። 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። ከ12 ከወረደ ተራቁቷል። ቀጥሎ ሞተሩ ተነስቶ ይለካ። ከ13.8 እስከ 14.4 መሀል መሆን አለበት። እዚያ ካልደረሰ መጀመሪያ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞና እሱን የሚያዞረው ቺንጊያ ይታዩ፤ ያለዚያ ሣጥንም አዲስ ባትሪም አያድንሽም። ተርሚናሉ (ሽቦው የሚታሰርበት የባትሪው ጫፍ) ላይ ነጭ ዱቄት ካለ በፍል ውሃ ይታጠብና ይጥበቅ። አንዳንዴ ጉዱ ሁሉ እሱ ሆኖ ይገኛል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሦስተኛውን ነው። ቁልፍ ወጥቶ፣ በር ተቆልፎ፣ መኪናዋ ቆማ ስንት ትበላለች? ጤነኛ መኪና ከ50 ሚሊ አምፔር ብዙም አታልፍም። በኋላ የተገጠመ አላርም ወይም ጂፒኤስ ወይም ቴፕ ግን ቀስ እያለ ይመጠምጣል። 200 ሚሊ አምፔር ከሳበ በቀን ወደ 5 አምፔር-አወር ሄደ ማለት ነው። የቪትዝ ባትሪ 40 ገደማ ነው። በአራት ቀን ግማሹ የለም።

በዚህ ላይ የነዳጁን ሰልፍ ጨምሪበት። ሞተር አጥፍተሽ ሬዲዮ ትከፍቻለሽ። ሰልፉ ፈቀቅ ሲል ታስነሻለሽ፣ ሁለት ሜትር ሄደሽ ታጠፊያለሽ። በተነሳች ቁጥር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከባትሪው ይወስዳል፤ ዲናሞው የሚመልስበት ፋታ አያገኝም። ቀሪው ጉዞሽ ድልድይ ተሻግሮ ፔዳ ነው። ይህን ኑሮ የሚችል ባትሪ እኔ አላየሁም። ነዳጅ ሲገኝ አንዳንዴ በመራዊ በኩል ወጣ አድርገሽ ንጃት። መብራት ባለበት ሌሊት ሶኬት ላይ የሚሰካ ባትሪ ቻርጀር ቢኖርሽ ደግሞ የበለጠ ነው።

አሁን ወደ ሣጥኑ። 2,000 አምፔር የሚለውን እርሺው። እውነት ቢሆን እንኳ ለቅጽበት ብልጭ የሚል ቁጥር ነው። ያንቺ ሞተሪኖ የሚፈልገው ከ100 እስከ 200 ነው፤ ደህና ሣጥን ይህን ይሰጣል። 20,000 የተባለው ደግሞ በ3.7 ቮልት የተቆጠረ ነው። ሲባዛ 74 ዋት-አወር (የሚይዘው ጉልበት መጠን) ይሆናል። የመኪናሽ ባትሪ ሲሞላ 480 ያህል ይይዛል። ስለዚህ ሣጥኑ ባትሪሽን አይሞላልሽም። ሞተሩን ያዞርልሻል፤ የቀረው የዲናሞው ሥራ ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቶሎ አታጥፊው።

በቅርቡ አንዱን ፈታሁት። ላዩ ላይ የተጻፈው ያስፈራል። ውስጡ ሦስት ጠፍጣፋ የሊቲየም ሴል ብቻ ነው፤ አንዱ እንደ ትራስ አብጧል። ባለቤቱ በጋውን ሙሉ ዳሽቦርድ ላይ ትቶት ነበር። የመጋቢትን ፀሐይ ታውቂዋለሽ፤ መስኮቷ በተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሊቲየም ይህን አይችልም። ካበጠ አለቀለት፤ ቻርጅ ማድረግም ያስፈራል፣ እሳት ነው። ባትሪው ላይ የሚነክሰውን መያዣም አየሁት። ጥቁሩ ሁለት መንጋጋ አለው፣ ሽቦው የተበየደው ግን አንዱ ላይ ብቻ ነው። ሌላኛው ለመንከስ ያህል ተቀምጧል። የሽቦውን ላስቲክ ስልጠው ከወፍራሙ ሽፋን የወጣው መዳብ የስልክ ቻርጀር ሽቦ ያህላል። ይህ መኪና ሊያስነሳ?

ስለዚህ ስትገዢ ቁጥሩን ተይና መያዣውን ክፈቺ። ሁለቱም መንጋጋ ሽቦ ይኑረው። ሣጥኑ በእጅ ሲያዝ ቅልል ካለሽ ተጠራጠሪ። ሻጩን በቴሌግራም ሳይሆን በአካል አግኚው፤ ባትሪሽ በደከመበት ጠዋት መኪናሽ ላይ ይሞክረው፤ ከዚያ ክፈዪ። እምቢ ካለ ነገሩን ያውቀዋል ማለት ነው።

አጠቃቀሙ ከባድ አይደለም። ቀዩ መያዣ የባትሪው ፖዘቲቭ (+) ላይ፣ ጥቁሩ ሞተሩ ላይ ባለ ቀለም የሌለው ብረት ላይ። ከአምስት ሴኮንድ በላይ አታዙሪ። ካልተነሳ ግማሽ ደቂቃ ጠብቀሽ ድገሚ። ሲነሳ ወዲያው ንቀዪው። ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ሣጥኑ መኪና መገናኘቱን አያውቅም፤ ያኔ "ቡስት" የሚል ቁልፍ ተጫኑ ይላል። ብዙዎቹ ላይ ያ ቁልፍ መከላከያውን ያጠፋዋል። ቀይና ጥቁር ካቀያየርሽ የሚያድንሽ የለም፤ ሁለቴ አይተሽ ተጫኚ። ማታ ቤት አስገቢው። ባትጠቀሚበትም በየሁለት በየሦስት ወሩ ቻርጅ አድርጊው።

እግረ መንገዴን ልናገር፤ የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ እዚህ አትሳቁ። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እናንተም ወደ እኔ መምጣት ጀምራችኋል። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ከሞተች መኪናው አይነቃም።

ባለ ዶልፊኑ

ጋሼ፣ ጢሜ ተረፈ ማለት ነው?

የቀበሌ 14 ኤሌክትሪሽያን

ያንተ ዲዝል ከ300 አምፔር በላይ ይጠይቃል። በ4,500 ብሩ ሣጥን ጢምህን ማንም አይነካብህም።

ከዘጌ ወደብ

እኔ ጀልባ ነው የምሠራበት፤ እንግዶችን ወደ ገዳማቱ አመላልሳለሁ። የመኪና ሰው ሲቆምበት እጁን ያወጣል። እኔ ጣና ላይ ከክብራን ደሴት አለፍ ብዬ ሞተሩ እምቢ ቢለኝ ለማን ነው የማወጣው? ለጉማሬ? ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ጀልባዋን እንደፈለገ ያዞራታል። ስለዚህ ሣጥኑ ለእኔ ቅንጦት አይደለም። ርካሹን አልገዛሁም፤ መካከለኛውን ነው የያዝኩት፤ ደጋግሞ አውጥቶኛል።

የጀልባ ሰዎች ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቤንዚን ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ይተኛል። መያዣውን ስታገናኙ ብልጭታ ሊኖር ይችላል። መክደኛውን ከፍታችሁ በደንብ ይናፈስ፤ የቤንዚን ሽታ ካለ ጨርሶ አትንኩት። ሣጥኑን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ያዙት። እምቦጩ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ሞተር ሲያጠፋ ግን ባትሪ አትውቀሱ፤ ያኔ የሚያስፈልገው ቢላ ነው።

ዓባይ ማዶ

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አስለካሁ። ጠዋት 12.1፣ ሞተር ተነስቶ 14.1። ቆማ የምትበላው 180 ሚሊ አምፔር ሆነ። ፊውዝ በፊውዝ እየነቀሉ ሲፈልጉ የድሮው ባለቤት ያስገጠመው ጂፒኤስ ከኳድሮው ጀርባ ተገኘ። ሲም ካርዱ ከሞተ ቆይቷል፤ እሱ ግን አሁንም መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ተነቀለ። ባትሪውም ቻርጅ ተደርጎ ሲፈተን "ገና ይሠራል" አሉኝ።

የቴሌግራሙን ሻጭ "መኪናዬ ላይ እንሞክረው" ብለው መልሱ ጠፋ። ሣጥኑን ግን አልተውኩትም፤ የነዳጅ ሰልፉ እንደሆነ አልቀረም። ወንድሜ በቅርቡ ከዱባይ ይመጣል፤ ደህናውን ከዚያ ላስመጣ ብዬ ነው። አውሮፕላን ላይ ይከለክሉታል?

የቀበሌ 14 ኤሌክትሪሽያን

ጎሽ። 180ውን ካገኘሽ ግማሹ ሥራ አለቀ።

የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ በእጁ ይዞት ይግባ። ሣጥኑ ላይ ዋት-አወሩ የተጻፈበትን ይምረጥ፤ ያልተጻፈበትን ፍተሻ ላይ ሊወስዱበት ይችላሉ። እስከ 100 ዋት-አወር ባጠቃላይ ያልፋል። ከ100 እስከ 160 ላለው አየር መንገዱን አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። ላንቺ መኪና ከ100 በታች ያለው ይበቃል፤ ትልቅ አያምጣ። የመያዣዎቹ ጫፍ እንዳይነካካ ለብቻ ይጠቅልላቸው። ሲደርስ አምጪው፤ ሁለቱም መንጋጋ ሽቦ እንዳለው አብረን እናያለን።