የደም ስኳር ደህና ሆኖ ሽንት ላይ ግሉኮስና ኪቶን ሲታይ

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ የ61 ዓመት ሰው ሲሆኑ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም አለባቸው። ለዓመታት ሜትፎርሚን ሲወስዱ ቆይተው በቅርቡ ኤምፓግሊፍሎዚን ተጨምሮላቸዋል፤ ዐቢይ ጾምንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ሰሞኑን በጣት ደም የተለካው ስኳራቸው 128 ሆኖ ሳለ፣ የዚያው ዕለት የሽንት ምርመራ ግን ግሉኮስ ሦስት ፕላስ፣ ኪቶን አንድ ፕላስ ይላል። የትኛውን እንመን? መድኃኒቱስ አልሠራም ማለት ነው?

ምላሽ 1፦
ኩላሊት ያጣራውን ግሉኮስ መልሶ ወደ ደም ያስገባል፤ የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ግን አቅሙ ስለሚያጥር ትርፉ በሽንት ይወጣል። የአባትዎ አዲስ መድኃኒት የሚሠራው ይህንኑ መልሶ የማስገባት ሥራ በማገድ በመሆኑ፣ ሦስት ፕላስ የሚያሳየው መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ነው። ስለዚህ የሽንቱን ግሉኮስ ትተው የደሙን ውጤት ይከታተሉ። ኪቶኑ ከጾሙ የመጣ ነው፤ ጤነኛ ሰውም ሲጾም ስለሚታይበት አያሳስብዎ።

ምላሽ 2፦
ስለ ግሉኮሱ የተባለው ትክክል ነው፤ ስለ ኪቶኑ ግን እንዲህ በቀላሉ ባይታለፍ እመርጣለሁ። ኪቶን የሚፈጠረው ሰውነት በግሉኮስ ፋንታ ስብ ሲያቃጥል ነው፤ ጾምም ሆነ የኢንሱሊን ማነስ ወደዚያ ይመራል። ኤምፓግሊፍሎዚን ያለበት የመድኃኒት ወገን በበኩሉ ኪቶንን ስለሚያበረታ፣ የደም ስኳር ብዙም ሳይጨምር ደም በኪቶን አሲድ ሊመረዝ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2015 እ.ኤ.አ. ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነበር። በዚያ ላይ የሽንት ስትሪፕ የሚያየው አሴቶአሴቴት የተባለውን የኪቶን ዓይነት ብቻ ሲሆን፣ በከባድ ሁኔታ የሚበዛው ሌላው ዓይነት፣ ቤታ ሃይድሮክሲቡታይሬት፣ አይታየውም። አንድ ፕላስ ሁልጊዜ ትንሽ ነው ማለት አይቻልም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ ማስታወክም ሆነ ሌላ ሕመም የላቸውም፤ ጾሙን ግን ማቋረጥ አይፈልጉም። መድኃኒቱን እኛው እናቁመው?

ምላሽ 2፦
በራሳችሁ አታቁሙት፤ ዛሬውኑ ሐኪማቸውን አማክሩና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ ሳትደብቁ ንገሩ። ኪቶኑ ከደም ቢለካ ይሻላል፤ በሊትር ከ0.6 ሚሊሞል በታች ከሆነ የተለመደ ነው፣ ወደ 3 ከደረሰ ግን ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልጋል። ሐኪሙ ጾሙ እስኪያልፍ መድኃኒቱ ለጊዜው ይቁም ሊል ይችላል፤ ያ የእርሱ ውሳኔ ነው። ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ከመጣ ግን የጣት ደሙ 150 ቢሆንም እንኳ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው፤ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ፣ ምክንያቱም ተረኛው ሐኪም የስኳሩን ቁጥር ብቻ አይቶ ኪቶን መመርመሩን ሊዘነጋው ይችላል።