ፍራንኮ ከሞተ በኋላ ከስፔን ኮሙኒስት ፓርቲ በስተግራ የነበሩት ድርጅቶች ለምን ከሰሙ?

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ ተሰብስበን በምናነብበት ክበብ በአሁኑ ወቅት የያዝነው ርዕስ፣ ስፔን ከጄኔራል ፍራንኮ አገዛዝ ወደ ፓርላማ ሥርዓት የተሸጋገረችበት ዘመን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ ንጉሥ ሁዋን ካርሎስ፣ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር አዶልፎ ስዋሬዝና ስለ ኮሙኒስት ፓርቲው መሪ ስለ ሳንቲያጎ ካሪዮ የተጻፈው ብዙ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ግን ከካሪዮ ፓርቲ በስተግራ ቆመው የነበሩት፣ ማለትም የስፔን የሠራተኛ ፓርቲ፣ የሠራተኞች አብዮታዊ ድርጅት፣ ኮሙኒስት ንቅናቄ እና አብዮታዊ ኮሙኒስት ሊግ የገጠማቸው ዕጣ ነው።

እነዚህ ድርጅቶች ፍራንኮ ኖቬምበር 20 ቀን 1975 ሲሞት በየፋብሪካው፣ በየዩኒቨርሲቲውና በየሰፈሩ ኮሚቴ ሰው ነበራቸው፤ አባሎቻቸውም የእስር ቤትና የድብደባ ጽዋ የቀመሱ ነበሩ። ሆኖም ከመካከላቸው ትልልቆቹ ሁለቱ 1980 ሳያልቅ ከመድረክ ጠፍተዋል። «ሕዝቡ አልፈለጋቸውም» የሚለው መልስ ለእኔ በቂ አይደለም፤ ሕዝቡ መቼና በምን ሁኔታ ተጠየቀ የሚለው መቅደም አለበትና። ከክበባችን አንዳንዶች ደግሞ ሁሉንም ታጣቂዎች ነበሩ ብለው በአንድ ይጠቀልሏቸዋል። ጉዳዩን ያጠናችሁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

ጋሽ ከዚራ (ድሬዳዋ፣ ጡረተኛ መምህር)

ልጄ፣ ጥያቄሽን የምመልሰው ከ1976 ተነሥቼ ነው፤ ነገሩ የተወሰነው በዚያ ዓመትና በተከታዩ የመጀመሪያ ወራት ነው ብዬ ስለማምን።

ፍራንኮ እንደሞተ በተቃዋሚው ጎራ ሁሉ ተቀባይነት የነበረው ሐሳብ ከአሮጌው ሥርዓት ጋር ፈጽሞ መቆራረጥ የሚል ነበር፤ ጊዜያዊ መንግሥት ይቋቋማል፣ እስረኞች ይፈታሉ፣ ንጉሣዊ አገዛዝ ወይስ ሪፐብሊክ የሚለውንም ሕዝቡ ራሱ ይወስናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። አንቺ የጠቀስሻቸው ድርጅቶች በዚህ ጎራ ውስጥ እንጂ ከውጭ አልነበሩም። የሠራተኛ ፓርቲው ኮሙኒስት ፓርቲው በ1974 ፓሪስ ላይ ባቋቋመው ዴሞክራሲያዊ ሸንጎ ውስጥ ገብቷል፤ ኮሙኒስት ንቅናቄና የሠራተኞች አብዮታዊ ድርጅት ደግሞ ከሶሻሊስቶቹ ጋር በ1975 በተመሠረተው ሌላ ጥምረት ውስጥ ነበሩ። ሁለቱ ጥምረቶች በማርች 1976 ተዋሐዱ።

በዚያው ወር ቪቶሪያ በምትባለው የባስክ ከተማ የሆነው፣ እነዚህ ሰዎች ለምን መንገዱ የእኛ ነው ብለው እንዳመኑ ያሳያል። የከተማዋ ሠራተኞች ለሳምንታት በጠቅላላ ጉባኤ እየመከሩ አድማቸውን ሲመሩ ቆይተው፣ ማርች 3 ቀን በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን ለስብሰባ ታጭቀው ሳለ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ወደ ውስጥ ለቀቀ፤ ትንፋሽ አጥሯቸው የወጡትንም በጥይት ተቀበላቸው። አምስት ሠራተኞች ሞቱ። ይህን ያየ ወጣት አብዮተኛ ሥርዓቱ በአድማ ተገፍቶ ይወድቃል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ሥርዓቱ ግን ተገፍቶ አልወደቀም፤ ራሱን በራሱ ሕግ ለወጠ። በጁላይ 1976 ሥልጣን የያዘው ስዋሬዝ የፖለቲካ ማሻሻያ ሕጉን በኖቬምበር በፍራንኮ ሹማምንት በተሞላው ምክር ቤት አስጸደቀ፤ ዲሴምበር 15 ቀን ለሕዝበ ውሳኔ ሲያቀርበው ተቃዋሚዎቹ ድምፅ አትስጡ ብለው ቢቀሰቅሱም ከመራጩ ሦስት አራተኛ በላይ ወጥቶ በከፍተኛ ብልጫ ደገፈው። በእኔ አስተያየት የመቆራረጡ መንገድ የተዘጋው በዚያ ቀን ነው። ካሪዮ ይህን ፈጥኖ አነበበ። ጃንዋሪ 24 ቀን 1977 ማድሪድ ውስጥ አቶቻ መንገድ ላይ ባለ የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቆች ቢሮ ቀኝ አክራሪዎች አምስት ሰዎች ሲገድሉ፣ ኮሙኒስት ፓርቲው በቀብሩ ላይ ያሳየው ጸጥታና ሥርዓት ብዙ ተጠራጣሪዎችን አሳምኗል። ኤፕሪል 9 ቀን ፓርቲው ሕጋዊ ሆነ፤ በቀናት ውስጥም ንጉሡንና የመንግሥቱን ባንዲራ መቀበሉን አሳወቀ።

ከእርሱ በስተግራ የቆሙት ግን ሕጋዊ አልተደረጉም። ጁን 15 ቀን 1977 ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነጻ ምርጫ ሲካሄድ በስማቸው መወዳደር አልቻሉም። የሠራተኛ ፓርቲው «ዴሞክራሲያዊ የግራ ግንባር»፣ የሠራተኞች አብዮታዊ ድርጅት «የሠራተኞች የምርጫ ስብስብ»፣ ሊጉ ደግሞ «የሠራተኞች አንድነት ግንባር» በሚሉ፣ መራጩ ሰምቷቸው በማያውቅ መጠሪያዎች ቀረቡ። በዚህ ላይ የመምረጫ ዕድሜው 21 ነበር፤ ወደ 18 የወረደው በ1978 መጨረሻ ነው። የእነዚህ ድርጅቶች ጉልበት ደግሞ ተማሪውና ወጣቱ ሠራተኛ ነበር። መፈክሩን የጻፈው፣ ፖስተሩን ሌሊት የለጠፈው፣ የተደበደበው ልጅ በዕለቱ ድምፅ መስጠት አልቻለም። ትልቁ ግንባራቸው እንኳ አንድ በመቶ አልሞላም፤ ካሪዮ ከዘጠኝ በመቶ በላይ ድምፅና 20 መቀመጫ አገኘ፣ የፌሊፔ ጎንሳሌዝ ሶሻሊስቶች ደግሞ 118 ወሰዱ።

ሸዋ በር (ሐረር)

ጋሼ፣ ያቀረቡት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም በ1977 እገዳ ላይ መጫን እነዚያን ድርጅቶች ከራሳቸው ኃላፊነት ነጻ ማውጣት ይሆናል። በማርች 1979 ምርጫ ሕጋዊ ነበሩ፣ በስማቸው ቀርበዋል፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላውም ሁሉ መርጧል። የሠራተኛ ፓርቲው ከ190 ሺህ በላይ ድምፅ፣ የሠራተኞች አብዮታዊ ድርጅት 127 ሺህ ገደማ አገኙ፤ አንድም መቀመጫ ግን አላገኙም።

የምርጫ ሕጉ በድሏቸዋል፣ ይህን አልክድም። የምክር ቤቱ 350 መቀመጫዎች በየክፍለ ሀገሩ የተከፋፈሉ በመሆናቸውና ብዙዎቹ ክፍላተ ሀገር ጥቂት መቀመጫ ብቻ ስላላቸው፣ በመላ ሀገሪቱ የተበተነ ድምፅ ዋጋ የለውም። በዚያው ምርጫ የባስክ ነጻነት አቀንቃኙ ግራ ጥምረት ኤሪ ባታሱና በ172 ሺህ ገደማ ድምፅ ሦስት መቀመጫ ወስዷል፤ የካናሪ ደሴቶች ግራ ስብስብም ከ60 ሺህ ባነሰ ድምፅ አንድ አግኝቷል። ድምፃቸው በአንድ አካባቢ የተከማቸ ነበርና።

እኔ ግን የማተኩረው በፖለቲካ አቋማቸው ላይ ነው። በዲሴምበር 1978 በተካሄደው የሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ የሠራተኛ ፓርቲውና የሠራተኞች አብዮታዊ ድርጅት ለንጉሣዊው ሕገ መንግሥት «አዎ» ብለው ቀሰቀሱ፤ ኮሙኒስት ንቅናቄና ሊጉ ግን አልደገፉትም። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ የጦር መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት በሚያሴሩበት ጊዜ ዴሞክራሲውን ከነጉድለቱ መከላከል ይሻላል ብለው ነው። ነገር ግን ለዘብተኛ ግራ የሚፈልግ መራጭ ሶሻሊስቶቹና ካሪዮ ነበሩለት፣ ሥርዓቱን እምቢ ማለት የሚፈልገውም ለምሳሌ በባስክ አካባቢ ኤሪ ባታሱና ነበረለት። በመካከል የቆመ፣ እንደ እነዚህ ሁለቱ የቻይናውን የማኦን መሥመር የሚከተል (ማኦኢስት) ፓርቲ ለማን ይሆናል? በዚያ ላይ ማኦ በ1976 ሞቶ፣ ተከታዮቹ ታስረው፣ ቻይና ራሷ መንገድ ቀይራለች።

ሁለተኛው ስሕተት የሠራተኛ ማኅበሩ ነው። በፍራንኮ ዘመን ሁሉም ይሠሩበት ከነበረው የሠራተኞች ኮሚሲዮኖች፣ ኮሙኒስት ፓርቲው ተቆጣጥሮታል ብለው ወጡና የሠራተኛ ፓርቲውና የሠራተኞች አብዮታዊ ድርጅት የየራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ለአንድ ዓላማ ሁለት ማኅበር! በ1978 በየፋብሪካው የተወካዮች ምርጫ ሲደረግ አንደኛና ሁለተኛ የሆኑት ኮሚሲዮኖቹና የሶሻሊስቶቹ ማኅበር ናቸው። ኦክቶበር 1977 በመንግሥትና በፓርቲዎች መካከል የተፈረመው የሞንክሎዋ የኢኮኖሚ ስምምነት ደመወዝ ከ22 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ሲገድብ፣ የዋጋ ንረቱ ከዚያ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ቅሬታውን የሚያደራጅ ኃይል ያስፈልግ ነበር፤ እነርሱ ግን ያን ጊዜ ከዋናው ማኅበር ውጭ ነበሩ።

ሁለቱ ፓርቲዎች በጁላይ 1979 ተዋሐዱ፤ በቀጣዩ ዓመት የተዋሐደው ፓርቲ ፈረሰ። የመንግሥት የምርጫ ድጎማ መቀመጫ ላገኘ ብቻ የሚከፈል ስለነበር ከምርጫው የቀረላቸው ዕዳ ነበር።

ለገሀሬ (ድሬዳዋ)

ታጣቂነትን በተመለከተ የቀረበው አጭር ነጥብ እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ። ከባስኩ ታጣቂ ድርጅት ከኤታ በቀር፣ በዚያ ዘመን መሣሪያ ያነሡት በዋናነት ሁለት መሥመሮች ናቸው። አንደኛው በ1964 ከኮሙኒስት ፓርቲው ተገንጥሎ ኋላ ከአልባንያ ጋር የቆመው ማርክሲስት ሌኒኒስት ፓርቲና በ1973 ያቋቋመው ፍራፕ የተባለ ግንባር ሲሆን፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1975 ፍራንኮ ካስረሸናቸው አምስት ሰዎች ሦስቱ የዚህ ግንባር አባላት ነበሩ። ሁለተኛው ግራፖ የተባለው ታጣቂ ቡድን ነው፤ በሕዝበ ውሳኔው ዋዜማ የመንግሥት አማካሪ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩትን ኦሪዮልን፣ በአቶቻው ግድያ ዕለት ደግሞ ጄኔራል ቪያኤስኩሳን ያገተ። ሁለቱም በፌብሩዋሪ 1977 በፖሊስ ነጻ ወጥተዋል።

ጠያቂያችን የዘረዘሯቸው አራቱ ድርጅቶች ከዚህ ውጭ ናቸው፤ ትግላቸው አድማ፣ ጉባኤ፣ በራሪ ወረቀትና ሰልፍ ነበር። አነሣሣቸውም የተለያየ ነው። የሠራተኛ ፓርቲው በ1967 ከኮሙኒስት ፓርቲው ከተገነጠለ ቡድን፣ ኮሙኒስት ንቅናቄ ከባስኩ ኤታ ተለይቶ የትጥቅ ትግሉን ከተወ ክንፍ፣ የሠራተኞች አብዮታዊ ድርጅት ደግሞ ኢየሱሳውያን ካህናት ካደራጇቸው የካቶሊክ ሠራተኞች ማኅበራት የወጡ ናቸው። ሊጉ ትሮትስኪስት፣ ማለትም የሩሲያውን አብዮተኛ የትሮትስኪን መሥመር የሚከተል ነው፤ በ1971 ተመሠረተ።

በእኛ ሀገር በዚያው ዘመን ኢሕአፓና መኢሶን በጥይት ስለተፈላለጉ፣ «ጽንፈኛ ግራ» የሚለውን ስንሰማ መሣሪያ ወዲያው ይታየናል። የስፔኖቹ ግራ ድርጅቶች እርስ በርስ በብዕርና በድምፅ ተጣሉ እንጂ በአብዛኛው አልተገዳደሉም፤ የሞቱባቸው በፖሊስና በቀኝ አክራሪዎች እጅ ነው።

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የለገሀሬ ማብራሪያ የክበባችንን አንድ ክርክር ዘግቶልናል። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምር። ፓርቲዎቹ ሲፈርሱ እነዚያ ሁሉ አባላት ወዴት ሄዱ? ጋሼ፣ እርስዎ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ጋሽ ከዚራ (ድሬዳዋ)

ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ሥራ አጥነቱ በ1980 ከ10 በመቶ በላይ ደርሶ ስለነበር ትዳርና እንጀራ ቀድሞ የሚታሰብበት ጊዜ ነበር። ጥቂት የማይባሉት በ1982 በ202 መቀመጫ ወዳሸነፉት ሶሻሊስቶች ተሻገሩ። ሸዋ በር ወንድሜ የፖለቲካ መሥመራቸውን የከሰሙበት ዋና ምክንያት አድርጎ አቅርቧል፤ ይሁንና በዚያው 1982 ካሪዮ ራሱ ከ23 መቀመጫ ወደ 4 ወርዷልና ለዘብተኛው የኮሙኒስት መንገድም ከዚህ የተሻለ መጨረሻ እንዳልነበረው ልብ ይሏል።

የቀሩ ነገሮችም አሉ። በአንዳሉሲያ የሠራተኛ ፓርቲው ሰዎች መሬት አልባ የቀን ሠራተኞችን በማደራጀት ዋና ድርሻ ነበራቸው፤ በ1976 የተመሠረተው የገጠር ሠራተኞች ማኅበር ከፓርቲው በኋላም የባለርስቶችን መሬት መያዙን ቀጥሏል። ማሪናሌዳ የምትባለው መንደር ከዓመታት ትግል በኋላ በ1991 ከአንድ መስፍን ርስት 1,200 ሄክታር ያገኘችው በዚህ ማኅበር ጉልበት ነው።

ኮሙኒስት ንቅናቄና ሊጉ፣ ድምፃቸው ከሁሉ ያነሰው፣ ከትልልቆቹ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ኖረዋል። ወደ ምርጫ ከማተኮር ይልቅ በሴቶች መብት፣ በውትድርና ተቃውሞና በሰላም ንቅናቄ ውስጥ ገቡ። ማርች 12 ቀን 1986 ስፔን ኔቶ ውስጥ ትቆይ ወይስ ትውጣ የሚለው ለሕዝብ ውሳኔ ሲቀርብ ከቀስቃሾቹ መካከል ነበሩ፤ ሰባት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ «አይሆንም» አለ፣ በካታሎኒያ፣ በባስክ፣ በናቫራና በካናሪ ደሴቶችም «አይሆንም» አሸነፈ። በአጠቃላይ ውጤት ተሸነፉ። ሁለቱ በ1991 ተዋሐዱ፤ ውሕደቱ ግን ሁለት ዓመት ያህል እንኳ በቅጡ አልዘለቀም።